ቅሬታ ሰሚ

እጄን ያነሣሁት ዱቄቴን ላራግፍ፣
ከቅንድቤ በላይ የዋለውን ንጣፍ።
ቢስቲማ፣ ዓርብ ቀን፣ ከሶላት መልስ ነበር፤
ጭብጨባ ፈነዳ ዋርካው ሥር ከዳር ዳር፤
ለማን ነው ብዬ ዞርሁ፤ ለኔ ኖሯል ነገር።

«አያ ሙሄ ይሁን፣ ሰው ያውቃል» አሉና
ማኅተም ያረፈበት ብጣሽ ሰጡኝና፣
«ቅሬታ ሰሚ» ሆንሁ፣ የሴፍቲኔት ዳኛ፣
ሞተር ሃያ ዓመት ጆሮው ላይ የተኛ፤
በግራ የማልሰማ፣ በቀኝ ግማሽ ግማሽ፤
እኔን ሰሚ አሉኝ። ፋጤ ሚስቴ ሳቀች፣
«ስጠራህ ሳትሰማ፣ ልትሰማ ነው ጭራሽ?»

ከዚያን ዕለት ወዲህ ሰላምታው ረዘመ፤
በዋጋ የሚጣላኝ አፉን ገጠመ፤
አንዱ ቅቤ ላከ፤ ፋጤ መለሰችው፣
በዓይኗ ግን እስከ በር ማሰሮውን ሸኘችው።

እኔ ምሽቱን ሁሉ ቃሉን አላመጥሁት።
ቅሬታ የቀረ ነው፤ እኔስ መች አጣሁት?
ከያንዳንዱ እህል የድንጋዩ ጎድጓዳ
ጭብጥ የማትሞላ ያስቀራል እንደ ዕዳ፤
ከሁሉም የሆነ፣ የማንም ያልሆነ፣
ማታ ስከፍተው ነው የማየው የባከነ።

ሰኞ ተቀመጥን ማኅበሩ መጋዘን፣
የማዳበሪያ ሽታ እያስነጠሰን።
አበጋዝ ዝርዝሩን፣ ዘሀራ እስክሪብቶ፣
እኔ ቀኝ ጆሮዬን፤ ሁሉም ዕቃውን አምጥቶ።
አንዱን «በሬ አለው» ሲሉ ከመዝገብ ሰርዘው፣
በሬው ገደል ገብቶ ዓመት አልፎት ነው፤
ቆዳውን አመጣ፤ አበጋዝ አሸተተው።

ከዚያ ጦይባ መጣች፣ ጫማዋን በር ትታ፣
መስጊድ የገባች ያህል አንገቷን ደፍታ።
«ልጅሽ ጅዳ ናት ወይ? እዚህ ነው ጽሑፉ።»
«ናት» አለች።
«ትልካለች?»
«ስልኳ ከጠፋብኝ ሁለት ረመዷን አለፉ።»
«ማስረጃ?» አለ አበጋዝ።
የዝምታ ማስረጃ ከየት ቢሮ ይወጣል?
ላልጮኸ ስልክ ማኅተም ማን ደርሶ ይመታል?

እኔ ግን አውቃለሁ።
ሚዛኔ ያውቃታል፤ አምና ሁለት ቁና
ማሽላ ታመጣለች፤ ኋላ አንድ፤ ኋላማ ቀና
ብላ ማየት ትታ፣ መጥረጊያ ይዛ መጣች፣
«ለዶሮዎቼ ነው» ብላ ወለሉን ጠረገች።
ዶሮ የላትም።
ደጇን አልፋለሁ በየጠዋቱ፤
ላባ እንኳ የለበት፣ ጭር ያለ ነው ቤቱ።

ብናገር ትገባለች። ግን ያ የዶሮ ወሬ፣
የሸፈናት ጨርቋ፣ ይገፈፋል ባፌ ዛሬ፣
እመጋዘኑ ውስጥ፣ አሥር ሰው እየሰማን።
ዝም ብል ትመለሳለች፣ ከነክብሯ፣ ጦሟን።

«ሙሄ፣ ምን ትላለህ?»
ያልሰማሁ መሰልሁ። መደንቆር ለካ ያግዛል፤
ጊዜ ይገዛል።
ኋላ እንዲህ አልሁ፦ «ጻፉ፤ ሚዛኑ መስክሯል።»
«የምን ሚዛን?»
«የኔ። ከዚያ በላይ አትጠይቁኝ፤ ይበቃል።»
ዘሀራ አየችኝ፤ ጻፈች። ሁለት እጅ ወጣ፤
ሦስተኛው የኔ ነው፣ አሁን አውቆ የመጣ።

አበጋዝ ሳል ብሎ፦ «ኮታ ነው፤ ታውቃላችሁ፤
አንድ ስም ከገባ አንድ ይወጣል። ማንን ትላላችሁ?»
ማንም አልተነፈሰ።
በዝርዝሩ ግርጌ በጣቴ ስወርድ፣
ኑርዬ አለ፤ አሊ ጎቤ፤ ደግሞ የይመር ዘመድ።
ሁሉንም ሚዛኔ ያውቃል።
ለወረዳ ይጻፍ አልን፣ ኮታው ይጨመር ብለን፤
ደብዳቤው ከሄደ ሦስት ወሩ፤ ወሬም የለን።

ዛሬ ጠዋት፣ ሞተሩን ሳላስነሣ ገና፣
ጦይባ መጥረጊያዋን ይዛ መጣችና
ወለሉን ጠረገች።
ድንጋዩን አንሥቼ፣ ከሁሉም የቀረውን፣
የማንም ያልሆነውን፣ ሞላሁት ስልቻውን።
«ዶሮዎቹ ደኅና ናቸው?» አልኋት።
ከንፈሯን አየሁ።
«ይበላሉ» ያለች መሰለኝ፤
በግራዬ ነበረች፤ በደንብ አልሰማሁ።